ታብሌቱ ይቆየን፣ መጽሐፉን አምጡ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የግል ትምህርት ቤቶች አንዱ ዘንድሮ ለወላጆች ያደለውን የምዝገባ ወረቀት አንድ ወዳጄ አሳየኝ። እንደተለመደው የዩኒፎርም፣ የደብተር፣ የሶፍት፣ የፈሳሽ ሳሙና ዝርዝር አለው። (ያን ሁሉ ሶፍት ማን እንደሚጨርሰው እስከ ዛሬ አልገባኝም።) ከሥር ግን አዲስ መስመር ተጨምሯል፦ "ታብሌት፣ 1"። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው። ወረቀቱን ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ የትምህርት ቤቱ ደንብ አለ፤ ከደንቦቹ አንዱ "ተማሪ ሞባይል ይዞ ከተገኘ ይወረሳል" ይላል። እንግዲህ ስክሪኑ 6 ኢንች ሲሆን ጥፋት፣ 10 ኢንች ሲሆን ትምህርት ሊሆን ነው።

ወዳጄ የራይድ ሹፌር ነው። የዕቁብ ዳኛውን ለምኖ ዕጣውን አስቀድሞ ወሰደና ገዛ። ምን ያድርግ? ልጁ ከጓደኞቹ መካከል ባዶ እጁን እንዲቀመጥ አይፈልግም። ከሁለት ወር በኋላ "ታብሌቱ እንዴት ሆነ?" ስለው ሳቀ። ቀን ክፍል ውስጥ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ይከፈታል። መምህርቷ ገጽ ስትጠራ የአንዱ ባትሪ አልቋል፣ የአንዱ ፋይል አልከፈት ብሏል፣ አንዱ ሌላ ነገር ከፍቷል። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ቲክቶክና ፍሪ ፋየር ነው። "ንባቡስ?" አልኩት። "እሱማ ያው ነው።" ያው ማለት ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ አሁንም ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም። የምጽፈው በስልክ ነው፣ የምታነቡትም በስልክ ነው፣ እንጀራዬም ከዚሁ ነው። የምለው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ልጅ እጅ ላይ የታተመ መጽሐፍ ሳይገባ፣ ንባብ ማስተማር የሠለጠነ መምህር ክፍሉ ውስጥ ሳይቆም፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ታብሌት ማደልም ሆነ ወላጅን ማስገዛት ትምህርት ማሻሻል አይደለም። ለልጆቹ ያለብንን ዕዳ በሚያብረቀርቅ ነገር መሸፈን ነው።

"ዘመኑ ጥሎን ይሄዳል" የምትሉኝ ትንሽ ታገሱኝ። ይህ ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም።

ዕድሜው ከሠላሳ እስከ አርባ የሚሆን ከተሜ ሁሉ "ፕላዝማ" ሲባል ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ፣ ጣሪያ ላይ ዲሽ ተተከለ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ዋና ዋና ትምህርቶች በሳተላይት መተላለፍ ጀመሩ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነበር። የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ጆሯችን በማያውቀው ቅላጼ። እኔ የዚያ ትውልድ ልጅ ነኝ። ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ክፍሉ ጭጭ እንዳለ "በጣም ጥሩ!" ብሎን ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን እንስቅ ነበር። በኋላ ሳቁም ቀረ።

ከሁሉ የማይረሳኝ የፊዚክስ መምህራችን ነው። ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚያምርበት ሰው ነበር። ፕላዝማው ከመጣ በኋላ ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆነ። ስክሪኑ ሲበራ በር አጠገብ ሄዶ ይቆማል፤ ስክሪኑ ሲዘጋ በተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች ያ ሁሉ የሮጠውን ነገር እንዲያስረዳን ይጠበቅበታል። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ጉድ ነው። ሳተላይት የእኛን ሰፈር ትራንስፎርመር አይጠብቅም፤ በማግስቱ የሚመጣው ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። ያመለጠን አመለጠን።

ለፍርድ ያህል የፕላዝማው ሐሳብ ከክፋት የመጣ አልነበረም። ተማሪው በአጭር ጊዜ እጥፍ ድርብ ሆኖ በቂ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ጠፍቶ ነበር። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ጨርሶ ላልነበረው የገጠር ትምህርት ቤት ስክሪኑ አንድ ነገር ነው። ችግሩ መሣሪያው የመምህሩ ረዳት ሆኖ አለመምጣቱ ነው። የመጣው መምህሩን ሊተካ ነው። ክፍሉን የሚያውቀው ሰው በር ላይ ቆመ፤ ክፍሉን የማያውቀው ደግሞ ሰሌዳውን ወሰደ።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ግድም፣ ያቺ ጆሮ ያላት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ መጣች። የኤምአይቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው ድርጅት ሥራ ናት። በጀርመን የልማት ትብብር በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ለኢትዮጵያ ልጆች ታደሉ፣ አዲስ አበባም ደረሱ። የግዕዝ ፊደል ያለበት ኪቦርድ ነበራት፤ የመማሪያ መጻሕፍቱ በዲጂታል ተጭነውባታል። ዛሬ "ኢ-ሪደር" የምንለው ነገር እንግዲህ ያኔ በእጃችን ነበር ማለት ነው። ምን ሆነ? የመምህሩ ሥልጠና አጭር፣ የክፍሉ አሠራር የድሮው፣ ፈተናው የድሮው። ልጆቹ በካሜራዋ ፎቶ እየተነሳሱ ሲጫወቱ መምህራን "ክፍሌን በጠበጠብኝ" አሉ፤ ክዳኗን አስዘግተው ወደ ጠመኔያቸው ተመለሱ። አልፈርድባቸውም። ሃምሳ ልጅ ፊት የቆመ ሰው ማንም ያላሳየውን ነገር ሊሠራ አይችልም።

ከዚያ ደግሞ የወንጪና የወለንጪቲ ታሪክ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው በሁለቱ አካባቢዎች ለሃያ ሃያ ያህል ሕፃናት ሞቶሮላ ታብሌት በካርቶኑ እንደታሸገ ሰጠ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም፤ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ይደረጋል። ኔግሮፖንቴ አሜሪካ አንድ ጉባኤ ላይ ቀርቦ የተናገረው ዓለምን ዞረ፦ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር የተዘጋባቸውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱ። እኔም ያኔ አንብቤ ኮርቻለሁ። የኢትዮጵያ ሕፃን ማንም አያንሰውም፣ ይህን ለማወቅ ታብሌት አያስፈልገንም ነበር እንጂ።

ግን ታሪኩን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። "ያለ ሰው" ተባለ እንጂ ሰው ነበረው፤ ለትልልቆቹ ቻርጅ አደራረጉን ያሳየ ሰው ነበር፣ በየሳምንቱ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ የሚቀይር ሰው ነበር። የተጫነው ሁሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ወንጪና ወለንጪቲ የሚወለድ ልጅ አፉን የሚፈታው በኦሮምኛ ነው። እናቱ በምትናገረው ቋንቋ አንድ ተረት ሳያነብ የባዕድ ፊደል ዘመረ ብለን አጨበጨብን። ካሜራ መክፈት ሌላ ነው፣ አንድ ገጽ አንብቦ የተረዳውን መናገር ሌላ ነው። የመጀመሪያው በመነካካት ይመጣል። ሁለተኛው የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

"ያ የድሮ ነው፣ አሁን ታብሌቱም ተሻሽሏል" ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ጎረቤታችን ኬንያ እንሂድ፤ ለዚህ ክርክር ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም። ኪሱሙ አካባቢ ቀጥታ ይህንኑ ጥያቄ የሚመልስ ጥናት ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ መጽሐፍና የመምህራን ሥልጠና ያለው አንድ ዓይነት የንባብ ፕሮግራም ተሰጣቸው። ከዚያ በአንዱ ወገን ታብሌት ለሱፐርቫይዘሮች፣ በሌላው ለመምህራን፣ በሦስተኛው ኢ-ሪደር ለእያንዳንዱ ተማሪ ተጨመረ። ውጤቱ? ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ጋር ሲነጻጸሩ ሦስቱም ተሻሻሉ። እርስ በርሳቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። ወጪውን ሲያሰሉት ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ መጽሐፍና ሥልጠና ብቻ የተሰጠበት መንገድ በአንድ ብር ብዙ ያስተማረው ሆኖ ተገኘ። ልጆቹን ማንበብ ያስቻላቸው መጽሐፉና የሠለጠነው መምህር ነበር ማለት ነው።

ኬንያ ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አደረገች። በአንድ በኩል በምርጫ ቃል የተገባውን የመሣሪያ እደላ ቀጠለች፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ መሣሪያ ለትምህርት ቤቶች ተሰጠ፣ ብዙው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 "ቱሶሜ" የሚባል ፕሮግራም ጀመረች። በስዋሂሊ "እናንብብ" ማለት ነው። ለአንድ ልጅ አንድ የታተመ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ የዕለት ዕለት መምሪያ። ታብሌትስ? አለ። የተሰጠው ግን ክፍል ለክፍል እየዞረ መምህሩን ለሚያግዘው ሱፐርቫይዘር ነው፤ የትኛው ክፍል ገብቶ ምን እንዳየ፣ የትኛው ልጅ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ ይመዘግብበታል። ለእኔ የታብሌት ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው። ሱፐርቫይዘራችን ዛሬ የሚመጣው ፋይል ሊያይና ማኅተም ሊያደርግ ነው፤ እስቲ ልጅ ሲያነብ ቁጭ ብሎ ይስማ።

ከጋናው የወርልድሪደር ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 ኢ-ሪደር የተሰጣቸው ልጆች ብዙ መጽሐፍ አግኝተዋል፣ ማንበብም ወደዋል፤ እውነት ነው። ግን ከአሥሩ መሣሪያ አራቱ ያህል ተሰብሯል። የእኛን ልጆች ቦርሳ አስቡት። ታክሲ ውስጥ የሚጨፈለቅ፣ ኳስ ሲጫወቱ ጎል ምልክት ሆኖ የሚቀመጥ ቦርሳ ነው። መጽሐፍ ወድቆ ይነሳል። ሲቀደድ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ለታናሽ ይተላለፋል። ፔሩ ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ላፕቶፕ አድላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ግምገማ በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ አላገኘም። ሀብታሟ ስዊድን እንኳ ልጆቿን በስክሪን ስታስተምር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ መጽሐፍ ወደ ክፍል ለመመለስ 685 ሚሊዮን ክሮና መድባለች። መብራት የማይጠፋባት አገር ወደ ወረቀት ስትመለስ እኛ ከወረቀት ሳንጠግብ እየሸሸን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ትምህርት ተጀመረ፣ መጽሐፍ የለም። መልሱ "ሶፍት ኮፒው ተለቋል" ነበር። በቴሌግራም፣ እንዲህ እናንተ አሁን በምታነቡበት መንገድ ማለት ነው። ስማርት ስልክ ያለው ወላጅ ለልጁ አወረደለት፤ የሌለው ልጅ የጓደኛውን ስልክ አጮልቆ አነበበ። መገናኛና ሾላ አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያን ሰሞን ሠርግ ነበሩ። እስቲ እናስላው፤ አንድ መጽሐፍ 180 ገጽ ነው፣ ገጹ 3 ብር ነው እንበል፦ 540 ብር። ስድስት መጽሐፍ ቢሆን 3,240 ብር። ሁለት ልጅ ላለው እጥፉ። በማተሚያ ቤት በአንድ ላይ ቢታተም በትንሽ ዋጋ የሚወጣውን መጽሐፍ ወላጅ በጣም ውዱን መንገድ ተከትሎ ገጽ በገጽ አሳተመው። ይህን ነው "ዲጂታል ሽግግር" ያሉን።

እኔ በዚያ ዓመት ያየሁት ነገር አለ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው ሰፈር፣ አንድ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጅ የሳይንስ መጽሐፉን ከክፍል ጓደኛዋ ስልክ ላይ እያየች ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። ሥዕሉን ሳይቀር። ስልኩ ለአንድ ሰዓት ብቻ የተዋሰችው ነው። ምሽት ላይ እናቷ ከላይ ከባሕር ዛፉ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ እሷ ያን ገጽ ጨርሳ አልነበረም። የዚያች ልጅ ችግር ታብሌት ማጣት ነው የሚል ካለ መጥቶ ይከራከረኝ። ብልሃቱም ትጋቱም አላት። የጎደላት ማተሚያ ቤት ሊያወጣው ይችል የነበረ አንድ መጽሐፍ ነው።

ከዚያ ሰፈር ቀና ብላችሁ ብታዩ ተራራው ራስ ላይ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተመነጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃዋን ትልክ የነበረው እዚያ ነው። ደግ አደረግን፣ አልቃወምም፤ የምድሩን ከሰማይ ማየት ጥሩ ነው። ቁልቁል ማየትም እንዳይረሳ ነው የምለው።

ቁጥሩን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንዲት! በእነዚያ ዓመታት ትምህርት የጀመሩት ልጆች አድገው 12ኛ ክፍል ደረሱ፤ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኩረጃው ሲቀር በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። በ2017 ዓ.ም. 8.4። መሻሻሉ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ግን ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበት አገር ነው ያለነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ 12ኛ ክፍልን ያስባል። እኔ የማስበው ሁለተኛ ክፍልን ነው። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያላነበበ ልጅ አምስተኛ ክፍል ላይ ሳይንሱን በምን ያንብበው?

"ፈተናው ራሱ በኦንላይን ሆኗል፣ ልጆቹ ከአሁኑ ካልለመዱ" የሚሉ አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠቱ እውነት ነው። ታዲያ ማንበብ የሚችል ወጣት ማውስ ለመልመድ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ሳምንት እንበል። ማንበብ የማይችል ወጣት ደግሞ ምርጥ ኮምፒውተር ፊት ቢያስቀምጡት የሚያደርገው ያው ነው፣ "ሐ" ን ይነካል።

የፊደላችንንም ነገር እናንሳ። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ቤት፤ እያንዳንዱ እግሩ፣ ክንዱ፣ ቀለበቱ ይለያል። ልጅ "ለ" እና "ሉ" ን የሚለየው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ እጁ ጽፎት፣ ጣቱ ተከትሎት ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አባቶቻችን የፊደል ገበታ ነበራቸው። ካርቶን ላይ የተለጠፈ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ፣ በስንደዶ እየጠቆመ ጮክ ብሎ የሚያነበው። አንድ ገበታ ለአንድ ልጅ! ቻርጅ አይፈልግም። የኔታ ደግሞ አጠገቡ ናቸው፣ ሲሳሳት ወዲያው ይሰማሉ። ዱላውን እንተወው እንጂ ዘዴው የሚናቅ አልነበረም። ዛሬ ከቲክቶክ ጋር ስክሪን የሚጋራ የፊደል ጨዋታ ያንን ይተካል ብሎ የሚሸጥልን ሰው ማስረጃውን ያምጣ።

መጽሐፍ በልጅ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያሳየን የአገራችን ሰውም አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። "ቂሉ ማሞ" ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1995 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በመኖሪያ ቤቱ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈተ። ልጆች ከየመንደሩ ጎረፉ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍቱን ጋሪ ላይ ጭኖ በአህያ አስጎተታቸው። አህያዋ ስትመጣ ልጆች ይሮጡ ነበር። ሲኤንኤን በ2008 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ ጀግኖቹ አንዱ አድርጎ ያቀረበው ለዚህ ሥራው ነው። ሳተላይት ያልቻለውን አህያ ቻለች ብል አትሳቁብኝ።

ኢ-ሪደር ጨርሶ አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል፣ በቦታው። አይፓድና ኢ-ሪደር አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ። ያ ነጠላ ቀለም ስክሪን ያለው መሣሪያ ጨዋታ የለውም፣ ዓይን አይወጋም፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያው ቢቀመጥ፣ በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ቢጫንበት፣ አንብቦ የሚመልስ ተማሪ ቢዋስ ደስታዬ ነው። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ መሣሪያማ ቅንጦት አይደለም፣ መብት ነው። ግን እዚህም የምትጫነዋ መጽሐፍ መኖር አለባት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሩብ ክፍለ ዘመን አለፈው። የአማዞን ኪንድል ግን አማርኛን ከሚያሳትምባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ሳያስገባ ቆይቷል። ለሕፃናት የተዘጋጀ ጥሩ የአማርኛ ዲጂታል መጽሐፍ ቁጠሩ ብባል በጣቶቼ እጨርሰዋለሁ። አብዛኛው በስልክ ፎቶ የተነሳ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ፒዲኤፍ ነው። ባዶ መደርደሪያ ዲጂታል ስለሆነ አይሞላም።

መሣሪያ ቀድሞ ተገዝቶ ሥራው ሲቀር ደግሞ ከትምህርት ውጭም አይተናል። ለሕዝብ ቆጠራ 180 ሺህ ታብሌት ተገዛ ተባለ። ቆጠራው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፤ የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. እንደሆነ ቀርቷል። ታብሌት ወይን አይደለም፣ ሲቆይ አይጥምም። ሦስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ያደረ ባትሪ ያብጣል።

መብራቱንም ነገር ጥቂት ልበል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድባችን ተመርቋል፣ እንኳን ደስ አለን። ኃይሉ ግን ጉባ ላይ መመንጨቱና ካራ ወይም ፈረንሳይ ላይ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሶኬት መኖሩ ለየቅል ነው። ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ስንት ማከፋፈያ ያስፈልገዋል? አንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ሶኬት አይቻለሁ፣ እሱም ሽቦው ወጥቷል።

ከተማዋ ስትፈልግ ትችላለች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ይመገባሉ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣቸዋል። በርሃቡ ራሱን ይስት የነበረ ልጅ ዛሬ በልቶ ይቀመጣል። ይህን የማይመሰግን ሰው ልጅ የለውም። ልጁ በልቷል፣ ለብሷል፣ ደብተር ይዟል። ቀጣዩ ነገር ምን ነው? ማንም እናት ትመልሰዋለች።

ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። አገሪቱ መምህር የምታሠለጥንበት ስመ ጥር ቤት ደጃችን ላይ ሆኖ፣ ሁለት ታክሲ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለች መምህርት "ንባብ እንዴት እንደሚጀመር ማንም አሳይቶኝ አያውቅም" ስትለኝ ሰምቻለሁ። ክፍለ ከተማው ወይም ቢሮው ለመሣሪያ የያዘው ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ። ለመምህራኑ ይግዛላቸው፣ ጥሩ አድርገው ያስተማሩ መምህራንን በቪዲዮ ይቅረጹበት፣ ሌሎቹ ይመልከቱት። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት ግን ወረቀት ይሁኑ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ይሁኑ፣ መስከረም ሳይጠባ ይድረሱ። የግል ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ ከአምስተኛ ክፍል በታች ታብሌት በግዴታ እንዳያስገዙ ቢሮው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሊከለክል ይችላል። ደብዳቤ መጻፍ ያውቁበታል።

እናንተ ወላጆች ደግሞ ቀጣዩ የወላጅ ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ ስለ "ስማርት ክላስ" ሲያወራ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁልኝ፦ ከልጄ ክፍል ውስጥ ስንቱ ልጅ አንድ ገጽ ያለ ማንም እርዳታ ያነባል? ቁጥሩን ይንገራችሁ። "እናጣራለን" ካለ ገና አልለካም ማለት ነው። ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ የልጃችሁን ቦርሳ ክፈቱ፣ በስሙ የተሰጠው የታተመ መጽሐፍ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱን ከጓደኛው ጋር እንደሚጋራ ቁጠሩና ክፍሉንና ወረዳውን ጠቅሳችሁ ከታች ጻፉልኝ። የልጁንም የትምህርት ቤቱንም ስም አትጥቀሱ። የካን ስንጨርስ ጉለሌንና ለሚ ኩራን እንቀጥላለን።